ወባው ከለቀቀ በኋላ ደም ለምን ያንሳል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ ይበረታል። ባለፈው ኅዳር ዘጌ ያለው የእህቴ ልጅ ታሞ ትኩሳቱ በ3 ቀን ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላ ግን ኳሱን ትቶ ቡናው ጥላ ሥር መቀመጥ አበዛ። እህቴ «መድኃኒቱ አድክሞት ነው» አለችኝ። የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ሳብ አድርጌ ሳየው ውስጡ ነጥቷል፤ ደም አንሶታል ማለት ነው።

«ትኩሳቱ ከለቀቀ ድኗል» ማለት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይራባና ሲወጣ ሴሉን ያፈነዳዋል። ጉዳቱ ግን በዚህ አያበቃም። ጣፊያ ተውሳክ ያልገባባቸውን ሴሎችም እየለቀመ ያጠፋል፤ እንዲያውም በዚህ የሚጠፋው ይበልጣል። መቅኔም አዲስ ደም መሥራቱን ይቀንሳል። ደም የሚሠራበት ማዕድን፣ አይረን፣ ሰውነት ውስጥ እያለ እንኳ፣ በሕመሙ ምክንያት ተቆልፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ተውሳኩ ከጠፋ በኋላም የደም መጠን ሊወርድ ይችላል። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ አስመርምሩ።

የቫይቫክስን ክኒን ማቋረጥ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ደም ይጨርሳል። የ14 ቀኑ ፕሪማኩዊን የሚታዘዘው ለዚህ ነው። በአምስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ መተው የለም።

ፕሪማኩዊን ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። እነሱን መድኃኒቱ ራሱ ደማቸውን ይሰባብረዋል። ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ክኒኑን አቁሞ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ አትውሰደው።

ሁሉን በወባ ማሳበብ። ልጆቻችን ሐይቁ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ከውኃው የሚይዝ ቢልሃርዚያ የሚባል ትል አለ። በባዶ እግር እርጥብ አፈር ይረግጣሉ፤ ሁክዎርም የሚባለው ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። የእህቴን ልጅ ሰገራ ስናስመረምር የተገኘው ይኸው ትል ነበር። ወባው ብቻውን አልነበረም! እባካችሁ የሰገራ ምርመራም ጠይቁ።

በቀይ ሥር ጭማቂ መተማመን። ቀለሙ ደም ቢመስልም አይረኑ ጥቂት ነው። ጉበትና ምስር ይሻላሉ። ምግብ ላይ ሻይ መጠጣትም አይረኑን ያስቀራል።

«ነገ እናያለን» ማለት። ሕፃን ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጥባት ካቃተው፣ መዳፉ ወረቀት ከመሰለ ደም መውሰድ ሊያስፈልገው ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁ ውጡ።