ቪትዝ ላይ ስፔሰር ከማስገባታችሁ በፊት

ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ ጎማዋ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ከኋላ ለሚያያት ኮሰስ ትላለች። ስፔሰር የሚባለውን ክብ ብረት ከቸርኬው ጀርባ አስገብታችሁ ጎማውን ትንሽ ወደ ውጪ ገፋ ስታደርጉት ግን ዘና ብላ ትቆማለች። ያምራል፣ አልክድም። ጋራዥ የሚመጡ ልጆች የሚጠይቁኝም ይሄንኑ ነው።

"ጋሼ፣ 25 ሚሊ ግጠምልኝ።"

"ለምን 25 ሆነ?"

"ጓደኛዬ 25 ነው ያስገባው።"

የጓደኛህ መኪና ልኩን አይነግርህም፣ የኔ ወንድም። ልኩ የሚገኘው ከራስህ መኪና ነው።

መኪናዋን ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ መሪው ቀጥ ይበል። ቀጥ ያለ ጣውላ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ወደ ታች አስደግፉና ጣውላው ከጎማው ጎን ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ። አራቱንም ጎማ ለየብቻ ለኩ። ተመትታ የተሠራች መኪና ከሆነች ግራና ቀኙ ላይገጥም ይችላል። ክፍተቱ 15 ሚሊ ቢሆን 15 ሚሊ ስፔሰር ይገባል ማለት አይደለም። ሰው ሲጫን መኪናው ይወርዳል፣ መሪ ሲዞር ጎማው ይወጣል። ሦስት ሰው ከኋላ አስቀምጡና ፓራፋንጎው የት ድረስ እንደሚወርድ እዩ። መሪውንም እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩ። ጎማው ከፓራፋንጎው አልፎ ከወጣ ደግሞ ክረምት ላይ ጭቃውን በሩ ላይና መንገደኛው ላይ ይረጫል። ስድቡ የናንተ ነው።

ስፔሰር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስስ ሆኖ በመኪናው ብሎን ላይ ዝም ብሎ የሚሰካ ነው። ሌላው ወፈር ያለና የራሱ ብሎን ያለው ነው፤ እሱ በመኪናው ዳዶ ይታሰራል፣ ቸርኬው ደግሞ በሱ ብሎን ላይ ይታሰራል።

በስሱ እንጀምር። የቪትዝ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ ጥርሱ 1.5 ነው። ዳዶው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊ ይገባል። 5 ሚሊ ስፔሰር ስታስገቡ እንግዲህ ዳዶው የሚይዘው ጥርስ ከሦስት ዙር በላይ ቀነሰ። ስለዚህ ስፔሰሩንና ቸርኬውን አስገቡና ዳዶውን በጣታችሁ እያዞራችሁ ቁጠሩ። እኔ ከስምንት ሙሉ ዙር በታች ከሆነ አላስርም። ስምንት ዙር 12 ሚሊ ነው፣ የብሎኑን ውፍረት ያህል መሆኑ ነው። ካልሞላ ወይ ብሎኑን በረጅም መቀየር፣ ወይ ስፔሰሩን መመለስ ነው።

ሁለተኛው የማየው የመሀሉን ቀዳዳ ነው። የቪትዝ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት ብረት) መሀሉ ላይ ከፍ ያለ ክብ ከንፈር አለው፣ ስፋቱ 54.1 ሚሊ ነው። ቸርኬው ልክ መሀል ላይ የሚቀመጠው እሱን ይዞ ነው። ስስ ስፔሰር ይህን ከንፈር ይሸፍነዋል። ከዚያ ቸርኬው በዳዶ ብቻ ነው መሀሉን የሚፈልገው፤ ፍጥነት ስትጨምሩ መሪው መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ባላንስ አሠርታችሁ፣ ደግማችሁ አሠርታችሁ ካልተስተካከለ ስፔሰሩን ጠርጥሩ። ስትገዙ ውስጡ 54.1 የሆነ፣ በውጪ በኩልም የራሱ ከንፈር ያለው ምረጡ። መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ "የቪትዝ ነው" ሲሏችሁ አትመኑ፣ ካሊፐር (በሚሊ የሚለካውን መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። አራት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ልኩ ነው አይባልም።

የራሱ ብሎን ያለው ስፔሰር ላይ የሚያጋጥመው ችግር ሌላ ነው። ስፔሰሩ ከመኪናው ብሎን ካጠረ፣ የብሎኑ ጫፍ ወደ ውጪ ይቀራል። ቸርኬው ጀርባው ላይ ማስገቢያ ጎድጓዳ ከሌለው በዚያ ጫፍ ላይ ያርፋል። ዳዶው ጠብቋል ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ቸርኬው ግን ስፔሰሩ ላይ አልተቀመጠም። ስፔሰሩን ካሰራችሁ በኋላ ጠፍጣፋ ብረት ፊቱ ላይ አጋድሙ። ብረቱ ከተወዛወዘ አቁሙ።

ቶርኖ ቤት ከቀለጠ አሉሚኒየም የሚሠራውን አልገጥምም። ቶርኖ ሠሪው እጁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ችግሩ ብረቱ ነው። ውስጡ አየር ይኑር ስንጥቅ ይኑር አይታይም። በስፔሰር ፈንታ ብሎኑ ላይ ሮንዴላ የሚደረድሩም አሉ። እሱ ላይ ወሬም አያስፈልግም።

አሁን አገጣጠሙ። መኪናዋን በክሪክ አንሱ፣ ከሥር ድጋፍ አድርጉ። ጎማውን ፍቱና የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ አጽዱ። ከፋብሪካ የመጣ ቀጭን ክሊፕ ብሎኑ ላይ ካለ አውጡት፣ እሱ ካለ ስፔሰሩ ጠፍጣፋ አይቀመጥም። ፊቱንም ጥርሱንም ግራሶ አትቀቡ። ዳዶዎቹን በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። መጨረሻው 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ የጥብቀቱን ልክ በሚያሳየው በቶርክ መፍቻ። ጎሚስታው በንፋስ ማሽን "ጠቅ ጠቅ" አድርጎ ሲጨርስ ስንት እንደሰጠው እሱም አያውቅም። የዳዶውንም አፍ እዩ። የብረት ቸርኬ ዳዶ አፉ ሾጣጣ ነው፣ የቶዮታ ኦሪጅናል አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ሮንዴላ አለው። አታደባልቁ።

ይህን ያህል ስለ ማጥበቅ የምለፈልፈው ምክንያት አለኝ። ብዙ ሰው ጎማውን የተሸከመው ብሎኑ ይመስለዋል። የሚሸከመው ጥብቀቱ ነው። ዳዶው ቸርኬውንና ሞዞውን አጣብቆ ሲይዝ ጭነቱን የሚችለው የሁለቱ ፊት ፍትጊያ ነው። ጥብቀቱ ሲላላ ጭነቱ ብሎኑ ላይ ይወድቃል። ብሎኑ በየዙሩ ወዲያ ወዲህ ይተጣጠፋል፣ ይደክማል፣ አንድ ቀን ቀለበት መንገድ ላይ ይቆረጣል። ስፔሰር ሲገባ ደግሞ የሚጣበቀው ቦታ ከአንድ ወደ ሁለት ይሆናል። በመሀሉ የቀረ ዝገትና ቀለም ሲደቅቅ ዳዶው ይላላል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። የራሱ ብሎን ያለው ከሆነ ቸርኬውን አውልቁ፣ ሊላላ የሚችለው ዳዶ ተደብቆ ያለው ከሥር ነው።

ኩሽኔታውስ? ስፔሰር ጎማውን ከኩሽኔታው ያርቀዋል። ክብደቱ ያው ነው፣ ክንዱ ግን ረዘመ። 5 ሚሊ ላይ ልዩነቱ አይሰማም። 25 ሚሊ አስገብታችሁ በየቀኑ ኮብልስቶንና ጉድጓድ ላይ የምትነዱ ከሆነ ግን ለኩሽኔታ ገንዘብ አስቀምጡ። ፊት ላይ የባሰ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጃችሁ ሊያመልጥ ይታገላል፣ ፍሬን ስትይዙም ወደ አንዱ ጎን ሊጎትት ይችላል። ስለዚህ ለማማር ብቻ ለሚመጣ ደንበኛ ፊቱን አልነካም። ከኋላ ግራና ቀኝ እኩል፣ ስስ፣ ዳዶው ስምንት ዙር ከያዘ እሺ እላለሁ።

ከዚያ በላይ የፈለገ ሰው ቸርኬ ይቀይር። ቸርኬው ጀርባ ላይ ኢቲ ተብሎ ቁጥር ተጽፏል፤ የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሀል ስንት ሚሊ እንደሚርቅ ነው የሚናገረው። 45 የሆነውን ትታችሁ 35 የሆነ፣ ስፋቱ ተመሳሳይ ቸርኬ ብትገዙ ጎማው 10 ሚሊ ወደ ውጪ ይወጣል። የኩሽኔታውና የመሪው ነገር ያው ነው፣ እሱ አይቀርም። ግን መሀል ላይ የሚላላ ነገር የለም፣ ዳዶውም ጥርሱን ሙሉ ይይዛል። ዋጋው ይበልጣል፣ አዎ።

ስፔሰር ያለበት መኪና ቀስ ስትል ከአንዱ ጎማ "ቋ ቋ" ካለ እዚያው ዳር ያዙና ዳዶውን አይታችሁ ተነሱ። "ጋራዥ ድረስ ልድረስ" አትበሉ።