ከምጣዱ መስመር የሚጀምር ምርጫ፦ ለቤት የሚሆን የብየዳ ማሽን

የአበባ ማስቀመጫ፣ የዕቃ መደርደሪያ ወይም የከሰል ምድጃ በገዛ እጁ ሠርቶ ማየት የሚወድ ሰው የብየዳ ማሽን ሊገዛ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በማሽኑ ፊት ላይ በትልቁ በተጻፈው የአምፔር ቁጥር ላይ ነው፤ 200፣ 250፣ 300። እኔም የመጀመሪያ ማሽኔን ደሴ ውስጥ የመረጥኩት በዚህ ቁጥር ነበር። ያን ዕለት ምሽት 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘውን ዘንግ፣ አስገብቼ ብረቱን እንደ ነካሁት ብሬከሩ ወደቀ፤ ግቢው ጨለመ፤ በአከራያችን ማድ ቤት ምጣዱ ላይ ገና የዞረው ሊጥ ዐይን ሳያወጣ ቀረ። ማሽኑ ምንም እንከን አልነበረበትም። እኔ ግን ማሽኑን የመረጥኩት የቤቱን የመብራት መስመር ሳልመረምር ነበር፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ከማሽኑ ሳይሆን ከግድግዳው ነው።

ለቤት ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ60 እስከ 90 አምፔር ይፈልጋል። በ90 አምፔር ሲበየድ አርኩ (በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚነደው ብልጭታ) ላይ ያለው ቮልቴጅ 24 ገደማ ስለሆነ የብየዳው ኃይል ከ2,100 ዋት ብዙም አይርቅም፤ በማሽኑ ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነውና ርካሽ ማሽኖች ከመስመሩ በተቆራረጠ ሁኔታ የሚስቡት ሲታከልበት ከግድግዳው የሚወሰደው ከ15 እስከ 17 አምፔር ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድም በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ስለሚወስድ በ220 ቮልት መስመር ላይ የሚስበው ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ ምጣዱ ያለችግር የሚሠራበት ቤት 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድን ይችላል ማለት ነው፤ ምጣዱና ማሽኑ በአንድ ጊዜ እስካልተሰኩ ድረስ። በ160 አምፔር መበየድ ሲፈለግ ግን መስመሩ ከ30 አምፔር በላይ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ይህን ተራ የመኖሪያ ቤት ሶኬት አይሸከመውም። በፊቱ 300 የተጻፈበት ማሽን ለቤት ሰው ትርፍ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት በቴስተር አንድ ቀላል ፈተና እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ማሽኑ ሊሰካበት በታሰበው ሶኬት ላይ ያለውን ቮልቴጅ ምጣዱ ጠፍቶ ሳለ ይለኩ፤ ከዚያም ምጣዱ በዚያው መስመር ላይ ግሎ ሳለ እንደገና ይለኩ። ይህን ቀን ላይም፣ ሰው ሁሉ ራት በሚያበስልበት ሰዓትም ያድርጉት። ብዙ ኢንቨርተር ማሽኖች (በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚሠሩት ቀላሎቹ) ከተጻፈላቸው ቮልቴጅ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢወርድ ይታገሣሉ፤ 15 በመቶ ማለት ከ220 ወደ 187 ቮልት መውረድ ነው። ንባቡ ከዚያ በታች ከሆነ ችግሩ ማሽን በመቀየር አይፈታም፤ ሽቦው፣ ማያያዣው ወይም ከቆጣሪው ያለው ርቀት በኤሌክትሪክ ባለሙያ መታየት አለበት። የአርዙንም፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ፣ ነገር በዚያው አጋጣሚ ያስመርምሩ፤ አርዝ የሌለው ሶኬት ላይ ብየዳ አይሰካም።

የማራዘሚያ ገመድ ነገርም እዚህ ላይ ይነሣል። ወደ ጓሮ ለመድረስ 30 ሜትር ርዝመትና 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ቢዘረጋ፣ በ17 አምፔር ገመዱ ብቻውን 12 ቮልት ያህል ይበላል፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ 7 ቮልት ገደማ ይሆናል። ገመዱ በመጠቅለያው ላይ እንደተጠቀለለ ከሠሩበት ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው የሚሠራበት።

ከማሽኖቹ ዓይነት ለቤት ሰው ያለማመንታት የምመክረው ኢንቨርተር የኤሌክትሮድ ማሽን ነው። ነባሩ ትራንስፎርመር ጠንካራ ነው፤ አቧራም ብዙ አይጎዳውም፤ ሲበላሽም ጠግኖ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፣ ከመስመሩም ለተመሳሳይ ሥራ የበለጠ ይስባል፣ ብዙዎቹ የጋራዥ ማሽኖች ደግሞ 380 ቮልት የሚፈልጉ ስለሆኑ ርካሽ ሆኖ የተገኘ አሮጌ ማሽን እቤት ደርሶ የማይሰካ ሊሆን ይችላል። ኢንቨርተሩ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚሰጠው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሆነ አርኩ የተረጋጋና ለጀማሪ እጅ የሚታዘዝ ነው። ጋዝ የማይፈልገው የሽቦ ማሽን በስስ ላሜራ ላይ ጥሩ ነው፤ ከመግዛት በፊት ግን ሽቦው በአቅራቢያ ዘወትር የሚገኝ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። አርጎን ጋዝ የሚጠይቀውን፣ ቲግ የሚባለውን የብየዳ ዓይነት ለጊዜው ይተዉት።

ቀጥሎ ማሽኑን አዙረው ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። ይህ ሠንጠረዥ የሌለው ማሽን የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን አይገዛም ባይ ነኝ። በሠንጠረዡ ላይ የሚፈለገው ዋና ነገር ማሽኑ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሳያርፍ ስንት ደቂቃ መበየድ እንደሚችል በመቶኛ የሚያሳየው ቁጥር ነው። በ200 አምፔር 20 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ 2 ደቂቃ በይዶ 8 ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። ይኸው ማሽን ወደ 115 አምፔር ሲወርድ 60 በመቶ፣ ወደ 90 ሲወርድ ደግሞ ያለማቋረጥ ሊሠራ ይችላል፤ ሙቀቱ የሚጨምረው በአምፔሩ ካሬ ልክ ስለሆነ ነው። አንድ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ነድዶ የሚያልቀው በአንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅርፊቱን በመዶሻ ማራገፍ፣ በሽቦ ብሩሽ መጥረግ፣ ቀጣዩን ብረት ማስተካከል አለ። ስለዚህ በሐቅ 120 አምፔር በ60 በመቶ የሚሰጥ ማሽን ለቤት ይተርፋል።

ለእኛ አካባቢ ሰው የሚጨመር አንድ ጉዳይ አለ፤ ሻጭ ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። የብየዳ ማሽኖች ዓለም አቀፍ መለኪያ የተመሠረተው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ባለ ከፍታ ላይ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ኮምቦልቻም የሐረጎን ዳገት ወርደው ሲደርሱባት ከ1,800 ሜትር በላይ ነች። በደሴ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንጻር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ፣ የማሽኑ ማራገቢያ እኩል ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የከተማዋ ብርድ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ ከቀትር በኋላ በሚሞቀው የኮምቦልቻ ግቢ ግን ይህ ማካካሻ ይቀንሳል። በሁለቱም ከተሞች ሠንጠረዡ የሚለውን እስከ ጠርዙ ድረስ ባይጠቀሙበት፣ ማሽኑንም በጥላ ሥር ቢያስቀምጡት መልካም ነው።

ኤሌክትሮድ ሲገዙ 6013 የሚባለውን ይምረጡ፤ በቀላሉ ይነሣል፣ ቱቦላሬና አንጎላሬ ላይ ደስ የሚል መስመር ይሰጣል፣ እርጥበትንም 7018 ከሚባለው ሌላ ዓይነት ይልቅ ይታገሣል። ሆኖም በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ጉም ቤት ድረስ ሲገባ የተከፈተ ፓኬት ሜዳ ላይ አይተውም፤ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ ይቀመጥ። በዝናብ፣ በረጠበ መሬት ወይም በረጠበ ጓንት ፈጽሞ አይበየድም፤ ማሽኑ ሳይበይድ በቆመበት ጊዜ በጫፎቹ መካከል ከ60 እስከ 80 ቮልት ሊኖር ይችላልና። ይህን ቮልቴጅ በእረፍት ጊዜ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ያለበት ማሽን በጥቂት ብልጫ ከተገኘ ብልጫው ይከፈል።

ከገንዘብዎ ከፊሉን ለመከላከያ ያስቀሩ። በዚህ ላይ ምንም መደራደር የለም። ቁጥር 10 ጥቁር መስታወት ያለው የፊት መሸፈኛ፣ የቆዳ ጓንት፣ የተዘጋ ጫማና የጥጥ ልብስ ከማሽኑ ጋር አብረው ይገዛሉ። ብየዳ ዓይኑን የመታው ሰው ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ሌሊት ላይ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ሕክምና ቤት እንጂ የጎረቤት መድኃኒት አይደለም። ልጆች ብልጭታውን ለማየት መሰብሰባቸው አይቀርምና ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቤት ይግቡ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የማለት ስሜት ስለሚያመጣ፣ ቀለሙ በግራይንደር ተነሥቶ በክፍት ቦታ ብቻ ይሠራል።

ግራይንደሩን ካነሣን አይቀር፣ ኢንቨርተርን ቶሎ የሚገድለው የብረት ብናኝ ነው። ማራገቢያው የሳበው ብናኝ በውስጡ ባለው ሰሌዳ ላይ ተጋግሮ ኤሌክትሪኩን ያገናኘዋል። ስለዚህ ብረት በሚሞረድበት ጊዜ ማሽኑ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በየጥቂት ወሩም ከሶኬት ነቅለው በደረቅ አየር ከሩቅ ያስነፉት። እኔ ይህን የማስደርገው ጎሚስታ ቤት ነው፤ መጀመሪያ አየሩን መሬት ላይ ለቅቀው በቧንቧው የተጠራቀመውን ውሃ እንዲያስወጡት እጠይቃለሁ።

ምርጫው ሁለት ማሽኖች ላይ ሲደርስ በሱቁ እንዲሞከሩ ይጠይቁ፤ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ጋር አይቆዩ። የ40 በ40 ቱቦላሬ ቁራጮች ይዘው ይሂዱና ማሽኑን 75 አምፔር ላይ አድርገው ሦስት ኤሌክትሮድ ተከታትለው ያቃጥሉ። ደህና አርክ ሽንኩርት በዘይት ሲቁላላ የሚያሰማውን ዓይነት ያልተቆራረጠ ድምፅ ይሰጣል፤ እየጠፋ የሚመለስ፣ ወይም ኤሌክትሮዱን እየደጋገመ ብረቱ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ አምፔሩ በሠንጠረዡ የተጻፈውን ያህል ላይሆን ይችላል። ሦስተኛው እንዳለቀ ጓንትዎን አውልቀው ገመዱ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበትን መሰኪያ በጥንቃቄ ይዳስሱ፤ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ገመዱ ስስ ወይም መሰኪያው ልል ነው። ማሽኑ ጥሩ ሆኖ ገመዱ ብቻ ከከፋ፣ በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ እንዲቀየርልዎት በዋጋው ላይ ይነጋገሩ፤ ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱንም እዚያው ሳሉ ይቀበሉ።