ዲፕሎዩን ለጊትሃብ አክሽንስ ተዉለት
ኮድ በነካካችሁ ቁጥር በኤፍቲፒ ፋይል እየጎተታችሁ ሰርቨር ላይ የምትጭኑ (ዲፕሎይ የምታደርጉ) ልጆች፣ ለጊትሃብ አክሽንስ (ኮድ ሲገባ ያዘዛችሁትን ሥራ ራሱ የሚሠራ የጊትሃብ አገልግሎት ነው) ስጡትና ተገላገሉ። አንድ የያምል ፋይል ናት (ምን ምን እንደሚሠራ በተራ የምትጽፉባት)፣ ዶት ጊትሃብ (.github) ውስጥ ዎርክፍሎውስ (workflows) የሚል ፎልደር ከፍታችሁ ታስገቧታላችሁ፣ ከዛ ሜይን (ዋናው የኮድ ብራንች) ላይ ፑሽ ስታደርጉ (ኮዱን ወደ ጊትሃብ ስትልኩ) ራሱ ቴስት ያስኬዳል ቢልድ ያደርጋል ክላውዱ ላይ ይጭናል፣ ቴስቱን ካስቀደማችሁትና ከወደቀ ደግሞ እዛው ይቆማል ላይቭ ያለው ሳይት አይነካም። የክላውዱን ኪይና ፓስወርድ ግን ፋይሉ ውስጥ እንዳትጽፉ!! ሴቲንግስ ውስጥ ሴክሬትስ የሚል አለ እዛ አስቀምጡት፣ ሪፖው (ኮዱ ያለበት ማስቀመጫ) ፐብሊክ ከሆነማ ቦቶች ወዲያው ነው የሚለቅሙት (የክላውዱ ቢል የሚመጣው ደግሞ ለእናንተ ነው)። ፕሮጀክቱ የኖድ (ጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ከሆነ ኤንፒኤም ኢንስቶል ሳይሆን ኤንፒኤም ሲአይ (npm ci) በሉት፣ ሎክ ፋይሉ (package-lock.json) ላይ ያለውን የፓኬጅ ቨርዥን ብቻ ነው የሚያወርደው።