የጊታር አንገት ሪሊፍ ወጥ ሳይሆን ሲቀር፦ ስንመረምር የምንሠራቸው ስህተቶች

የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት እንደ ማስመሪያ ቀጥ ማለት የለበትም። ክር ሲመታ ይወዛወዛል፤ ለዚያ ቦታ እንዲያገኝ አንገቱ መሀል ላይ ትንሽ ስርጉድ ይላል። ሪሊፍ የሚባለው ይህ ነው። ፌንደር በመመሪያው ፍሬትቦርዱ፣ ማለትም ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ፊት፣ ከ9.5 እስከ 12 ኢንች የቅስት ራዲየስ ላለው አንገት 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ይመክራል። ችግሩ ስርጉዱ አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ ሲጠፋ ነው። ብዙ ሰው ያኔ ሳይለካ ትረስ ሮዱን፣ ማለትም አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ዘንግ፣ የሚያዞርበትን ቁልፍ ያነሳል።

ትልቁ ስህተት አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ መፍረድ ነው። የመጀመሪያውን ፍሬት፣ ማለትም በአንገቱ አግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች የመጀመሪያውን፣ በካፖ (ክሮቹን ተጭኖ በሚይዝ መቆንጠጫ) ያዙ። 6ኛውን፣ ማለትም ወፍራሙን ክር፣ የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑት። አሁን ክሩ ራሱ ማስመሪያ ሆነላችሁ። 8ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ሁሉም ያያል፤ እናንተ ግን 5ኛውን፣ 12ኛውንና 14ኛውንም እዩ። ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ከሌላችሁ ተራ የፕሪንተር ወረቀት ይበቃል፤ የአንዱ ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጤነኛ አንገት ላይ ክፍተቱ መሀል ይሰፋና ወደ ሁለቱም ጫፍ ቀስ እያለ ይጠባል። 8ኛው ላይ ሁለት ወረቀት አልፎ 14ኛው ላይ አንድም አልገባ ካለ እዚያ ጉብታ አለ።

ከዚያ ቀጭኑን ክር በዚሁ መንገድ ለኩ። አንድ ጊዜ ያየሁት ጊታር ወፍራሙ ክር ስር አራት ወረቀት ያሳልፋል፤ ቀጭኑ ስር አንድ እንኳ አልገባ አለ። በወፍራሙ በኩል ትንሽ መብለጡ ያለ ነገር ነው። ይህን ያህል ሲራራቅ ግን አንገቱ ተጣሟል ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ ለወራት ትረስ ሮዱን ሲያጠብቅና ሲያላላ ከርሟል። በጣም ያሳዝናል፣ ምክንያቱም አንገት ውስጥ ያለ አንድ ዘንግ ስርጉዱን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል እንጂ ጠማማ አያቃናም፤ ጉብታም አይደፈጥጥም። ማስተካከል ካለባችሁ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ እንደገና ቃኙ፣ እንደገና ለኩ። እምቢ ካለ ተዉት። ዘንጉ ከተሰበረ ፍሬትቦርዱን እስከ መንቀል ሊያደርስ ይችላል።

ክሩ ሳይቃኝ መለካትም አለ። አንገቱን የሚጎትተው የክሩ ውጥረት ስለሆነ፣ በላላ ክር የተገኘ ልኬት ዋጋ የለውም። የክር ውፍረት ከ9 ወደ 10 (የቀጭኑ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች) ከቀየራችሁም ልኬቱን ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ሌላው ከፍ ያለ ፍሬትን የአንገት ችግር አድርጎ ማየት ነው። የባንክ ካርድ ጠርዝ ሦስት ፍሬት ላይ አቁሙና ግራና ቀኝ ነካ ነካ አድርጉት። ቀጭ ቀጭ እያለ ከተወዛወዘ የመሀለኛው ፍሬት ተነስቷል። አንድ ፍሬት ብቻ ከሆነ እንጨቱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ጥገናው ያንን ፍሬት መልሶ ማስቀመጥ ወይም መሞረድ ነው።

አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ቦታ ጫፉ ሽቅብ ተነስቶ ካገኛችሁት፣ በብሎን የሚታሰር ከሆነ መገጣጠሚያውንም እዩ። ክሮቹን አላሉ፣ ብሎኖቹን ፍቱ፣ አንገቱ የሚገባበት የአካሉ ኪስ ውስጥ ተመልከቱ። አንደኛው ጫፍ ላይ ብቻ የተጎዘጎዘ ቁራጭ ካርቶን ብሎኖቹ ሲጠብቁ አንገቱን እዚያ ጋ ቀስ በቀስ ሊያጎብጠው ይችላል።