አንድ ወጥ ተጣጣፊ መካኒዝምን ከቀደሙ ፈጠራዎች ጋር እንዴት ማመሳከር ይቻላል

ተጣጣፊ መካኒዝም የምንለው እንቅስቃሴውን ከፒን፣ ከማጠፊያ ወይም ከተንሸራታች ክፍል ሳይሆን ከራሱ አካል መተጣጠፍ የሚያገኝ መሣሪያ ነው። ክዳኑ ከአፉ ጋር አብሮ የተሠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲከፈት የምትታጠፈው ስስ መስመር ቀላሏ ምሳሌ ናት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ለፓተንት ለማመልከት የሚያስብ ሰው፣ የፓተንት ቢሮው መርማሪ በኋላ የሚያደርገውን ምርመራ አስቀድሞ ራሱ ሊያካሂደው ይችላል፤ ሊያካሂደውም ይገባል። እኔ አብዛኛውን የተማርኩት የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ውድቅ ከሆነ በኋላ ነው፤ አንዳንዱን ደረጃ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፌ አንዱ ላይ ብዙ ብቆይ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የይገባኛል ጥያቄውን ይጻፉ

ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው መሣሪያውን በእጁ ይዞ «ይህን የሚመስል አለ?» እያለ ሥዕል በማገላበጥ ነው። መርማሪው ግን መሣሪያዎን አያየውም። የሚያየው ጥበቃ የጠየቁበትን ዐረፍተ ነገር፣ ማለትም የይገባኛል ጥያቄዎን ሲሆን፣ ከቀደሙት ሰነዶች ጋር የሚያስተያየውም ያንኑ ዐረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ዋናውን የይገባኛል ጥያቄ ረቂቅም ቢሆን ይጻፉና ወደ ክፍሎቹ ይበትኑት፤ እያንዳንዱ አካል፣ እያንዳንዱ ግንኙነትና እያንዳንዱ ተግባር በወረቀቱ ላይ የራሱን መስመር ያግኝ። «የያዘ» የሚለው ቃል በሩን ክፍት እንደሚተው አይዘንጉ። ቀዳሚው መሣሪያ እርስዎ የዘረዘሩትን ሁሉ ካሟላ፣ በላዩ ላይ ሦስት ብሎንና አንድ ሞላ ቢኖረው እንኳ የእርስዎን ጥያቄ አዲስነት ያሳጣዋል።

ቀኑን ይወስኑ፣ ከዚያ ይፈልጉ

ቀደምት ጥበብ ማለት ከማመልከቻዎ ቀን በፊት፣ ቀዳሚነት የሚጠይቁበት (ቀኑ እንዲቆጠርልዎ የሚፈልጉት) ሌላ የቀደመ ማመልከቻ ካለም ከዚያ ቀን በፊት፣ በየትኛውም አገርና ቋንቋ ለሕዝብ የተገለጠ ነገር ሁሉ ነው። ዘመኑ ያለፈበት ፓተንትም፣ የምርት ካታሎግም፣ እርስዎ ራስዎ ያሠራጩት ቪዲዮም ይቆጠራል። የአሜሪካ ሕግ ለፈጣሪው የራሱ ይፋ ማድረግ የአንድ ዓመት እፎይታ ሲሰጥ፣ የአውሮፓው ግን ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በስተቀር አይሰጥም፤ ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት መሣሪያውን ለማንም አያሳዩ። ማመልከቻዎች በአብዛኛው የሚታተሙት ከቀዳሚነት ቀናቸው 18 ወር በኋላ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚያደርጉት ፍለጋ የቅርቡን አንድ ዓመት ተኩል ማመልከቻዎች በአብዛኛው አያሳይዎትም።

ለፍለጋው ኢስፓስኔት፣ ፓተንትስኮፕና ጎግል ፓተንትስ የተባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች በነጻ ይገኛሉ። እኔ በጎግል ፓተንትስ ጀምሬ በኢስፓስኔት እጨርሳለሁ፤ የመጀመሪያው ለፈጣን ዳሰሳ ይመቻል፣ ሁለተኛው ግን በምደባ ቁጥር (ፓተንቶች በየዘርፋቸው በሚመደቡበት ቁጥር) ለመፈለግ የበለጠ አስተማማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚህ ዘርፍ በቃል ብቻ መፈለግ ያታልላል። ዛሬ «ኮምፕላያንት» የሚባለውን ነገር አንዱ «ፍሌክሸር»፣ ሌላው «ላስቲካዊ መገጣጠሚያ»፣ ሦስተኛው «የባሌስትራ ምሶሶ» ይለዋል፤ አንዳንዱ ጨርሶ ስም አይሰጠውም። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 አመልክተው በ1906 ያገኙት፣ ቁጥሩ 821,393 የሆነ ፓተንት የአውሮፕላኑን ክንፍ ጫፎች በገመድ ስቦ ስለ ማጣመም ነው። የክንፉ ቅርጽ የሚለወጠው በራሱ በክንፉ መጣመም ቢሆንም፣ የዘመናችንን ቃል ጽፎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ስለዚህ የምደባ ቁጥር ይጠቀሙ። በዓለም አቀፉ ምደባ ኤፍ16ሲ 11/12 በባሌስትራና በመሰል ተጣጣፊ ግንኙነት የሚሠሩ መገጣጠሚያዎችን ይይዛል፤ ቢ81ቢ 3/00 ተጣጣፊ ክፍል ያላቸውን ደቂቅ መሣሪያዎች፣ ቢ25ጄ 15/12 ተጣጣፊ ጣት ያላቸውን የሮቦት መያዣዎች፣ ቢ64ሲ 3/52 ደግሞ የክንፍ ማጣመምን ይመለከታል። አንድ ጠቃሚ ሰነድ ካገኙ በኋላ እሱ የጠቀሳቸውንና እሱን የጠቀሱትን ተከትሎ መሄድ ከማንኛውም ብልጠት ይበልጣል። የቀደመውን ሰነድ ሲያነቡም በይገባኛል ጥያቄው ብቻ አይወሰኑ። ቀደምት ጥበብ የሚሆነው መግለጫውና ሥዕሉ ጭምር ነው፤ ጥያቄው ስለ ክዳን መቆለፊያ የሚያወራ ሰነድ በአራተኛው ሥዕሉ የእርስዎን መገጣጠሚያ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

«ተጣጣፊ» የሚለው ቃል ብቻውን አያድንም

እኔ የተሰናከልኩት እዚህ ነው። ያመለከትኩበት መሣሪያ ከአንድ ወጥ ፕላስቲክ የተቆረጠ፣ መንጋጋዎቹ ሲከፈቱም ሲዘጉም ትይዩነታቸውን የማይለቁ መቆንጠጫ ነበር። ዋናውን ጥያቄ «አንደኛ ጥብቅ ክፍል፣ ሁለተኛ ጥብቅ ክፍል፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚያገናኝ ተጣጣፊ ክፍል የያዘ መቆንጠጫ» ብዬ ጻፍኩት፤ ሰፊ ጥበቃ የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር። መርማሪው ያቀረበብኝ ከአሥርት ዓመታት በፊት የተመዘገበ የልብስ መቆንጠጫ ነው። ሁለት ክንድ፣ በመካከላቸው ቀጠን ያለ ቅስት። ሰነዱ ውስጥ «ተጣጣፊ» የሚል ቃል የለም፤ ክንዶቹ ሲጫኗቸው እንደሚከፈቱ፣ ሲለቋቸው እንደሚመለሱ ብቻ ይናገራል። ያም በቂ ነበር፤ ያለ ፒንና ያለ ሞላ የተያያዙ ሁለት ክንዶች ተከፍተው ሊመለሱ የሚችሉት ቅስቱ ሲታጠፍ ብቻ ነውና።

መርማሪዎች ይህን በሰነዱ ውስጥ በተፈጥሮው ያለ ባሕርይ ይሉታል። መለኪያው ጥብቅ ነው፤ ባሕርዩ ከተገለጸው ነገር የግድ የሚከተል መሆን አለበት እንጂ ሊኖር ይችላል መባሉ አይበቃም። ስለዚህ አንድ ሰነድ ስለ መታጠፍ ምንም ሳይናገር ቀጭን አንገት ብቻ ካሳየ፣ መሣሪያው ያለዚያ አንገት መታጠፍ ሊሠራ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። በሥዕሉ ላይ ከጎኑ ፒን ካለና እንቅስቃሴው ከፒኑ የሚመጣ ከሆነ፣ አንገቱ ይታጠፋል ብሎ የሚከራከር መርማሪ መልስ ሊሰጡት ይችላሉ። ፒን ከሌለና ክፍሎቹ እንደሚንቀሳቀሱ ከተጻፈ ግን ክርክሩ አልቋል።

ተግባርን መጥቀስም ያን ያህል አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ በተወሰነው የሽሬበር ጉዳይ አመልካቹ ፈንዲሻ የሚያፈስስ ሾጣጣ ክዳን ይዞ ቀርቦ፣ ከዘይት ማፍሰሻ ክዳን ጋር ተነጻጽሮ ተረታ። የቀደመው ክዳን ስለ ፈንዲሻ አንድም ቃል ባይኖረውም ቅርጹ ያንኑ ተግባር ሊፈጽም ይችል ነበር። የእኔም የ«መቆንጠጫ» ተግባር ከልብስ መቆንጠጫው አልለየኝም።

ጠጣር ነገር ሁሉ ኃይል ሲያርፍበት ጥቂትም ቢሆን መታጠፉ አይቀርም፤ «ተጣጣፊ» ማለት መጠን ያልተነገረለት መጠን ነው። አሁን የማንንም ረቂቅ ስመለከት ከዚህ ቃል አጠገብ አራት ጥያቄ በእርሳስ እጽፋለሁ፦ የሚታጠፈው የትኛው ቦታ ነው? በየትኛው አቅጣጫ ይታጠፋል፣ በየትኛውስ ይጸናል? ከመታጠፉ የሚገኘው እንቅስቃሴ ምንድን ነው? የሚመልሰውስ ምንድን ነው? የእኔ መቆንጠጫ ልዩነት በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄ መልስ ውስጥ ነበር፤ በእያንዳንዱ መንጋጋ ጀርባ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ስስ ሰቆች ነበሩ፤ መንጋጋው ሳይዞር ወደ ጎን ብቻ እንዲሄድ የሚያስገድዱት እነሱ ናቸው። ይህን በጥያቄው ውስጥ አልጻፍኩትም ነበር።

ታዲያ ለምን አላሻሻልኩትም? ሁለቱን ሰቆች ለመጨመር ሞከርኩ፤ መርማሪው ሁለት ሰቅ ያለው ሌላ ሰነድ አመጣ። የቀረኝ ልዩነት የሰቆቹ ውፍረት ከርዝመታቸው ጋር ያለው ምጣኔ ነበር። ግን መግለጫዬ «ስስ» ከማለት በቀር ቁጥር አልነበረውም፤ ካመለከቱ በኋላ ደግሞ በመጀመሪያው ሰነድ ያልነበረ ነገር መጨመር አይፈቀድም። ከሥዕሉ ለክቼ ላስገባው ሞከርኩ፤ መርማሪው ይህንም አልተቀበለኝም፤ በመጠን እንደተሣለ ያልተገለጸ ሥዕል ለልኬት ማስረጃ አይሆንምና። ከመካኒክስ አንጻርም መርማሪው ልክ ነበር። የአንድ ሰቅ የመታጠፍ ጽናት ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ፣ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ጽናቱ 8 ጊዜ ይቀንሳል፤ የብዕር መስመር ስፋት የሚያህል ስሕተት መሣሪያውን ሌላ መሣሪያ ያደርገዋል። ይኸው ሕግ ለእርስዎም ይሠራል፤ የቀደመውን ሥዕል በማስመሪያ ለክቶ «የእኔ ይሰሳል» ማለት ክርክር አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ከማመልከቴ በፊት የእያንዳንዱን ተጣጣፊ ክፍል ውፍረት፣ ርዝመት፣ ስፋትና ቁስ በመግለጫው ውስጥ አስፍራለሁ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን እየጠበበ የሚሄድ ወሰን እሰጣለሁ። መሣሪያው «ያለ ፒን» እንደሚሠራም በግልጽ እጽፋለሁ፤ በኋላ ይህን መከልከያ ወደ ጥያቄው ለማስገባት መሠረት ይሆናል።

ሰንጠረዡ

አሁን የበተኑትን ጥያቄና ያገኟቸውን ሰነዶች በሰንጠረዥ ያስተያዩ፦ የጥያቄው ክፍሎች ወደ ታች፣ ሰነዶቹ ወደ ጎን። በየሳጥኑ ውስጥ «አለ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የገጹንና የሥዕሉን ቁጥር ይጻፉ፤ በተፈጥሮው ይከተላል የሚሉትን በሌላ ቀለም ይለዩ። ይህን ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ እኔ ግን አጭር መግለጫቸውን አላምንም፤ ሥዕሉን በዓይኑ ያላየ ሰው በዚህ ዘርፍ መሳሳቱ አይቀርም። በአንድ ዓምድ ሁሉም ሳጥን ከተሞላ አዲስነት የለም። በዓለም አቀፉ የፍለጋ ሪፖርት ላይ እንዲህ ያለው ሰነድ «ኤክስ» ምልክት ያገኛል፤ ከሌላ ሰነድ ጋር ተጣምሮ የሚጎዳዎት «ዋይ»፣ ለዳራ ብቻ የተጠቀሰው «ኤ» ይባላል።

አዲስ መሆኑ ብቻ ስላልበቃ

ሁለት ሰነድ ተደምረው ሳጥኖቹን ከሞሉ፣ ቀጥሎ የሚነሣው ነጥብ በሙያው የሠለጠነ ሰው ሊደምራቸው ምክንያት ነበረው ወይ የሚል ይሆናል። በተጣጣፊ መካኒዝም ላይ ዘወትር የሚመጣው ተቃውሞ «በብዙ ክፍል የተሠራውን አንድ ወጥ ማድረግ ተራ የምሕንድስና ምርጫ ነው» የሚል ነው። በአሜሪካ መሠረቱ የ1965ቱ የላርሰን ውሳኔ ነው። መልሱም እዚያው አገር አለ፦ በ1983ቱ የሼንክና ኖርትሮን ጉዳይ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ የጎማ ማመጣጠኛ ማሽን ድጋፍ ፓተንቱ ጸንቶለታል። በሙያው ንዝረቱን የሚያበርድ ነገር ያስፈልጋል ተብሎ ሲታመን፣ ፈጣሪው አንድ ወጥ በማድረግ ያንን አስፈላጊነት አስቀርቶት ነበርና። ስለዚህ «አንድ ወጥ ነው» ብለው አይከራከሩ፤ አንድ ወጥ መሆኑ ሌሎች ያልጠበቁትን ምን እንዳስገኘ ያሳዩ።

ያንን ጥቅም መጻፍ ያለብዎት ደግሞ ከመጀመሪያው ነው። አንድ ፈጠራ ለባለሙያው በግልጽ የሚታይ ተራ እርምጃ መሆን አለመሆኑን ስለ መመዘን ዛሬም የሚጠቀሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1966 የግርሃምና ጆን ዲር ውሳኔ የተነሣው፣ በድንጋያማ መሬት ላይ የድንጋይ ምት እንዲችል በተሠራ የማረሻ እግር ነው። የፓተንቱ ባለቤቶች እግሩ በርዝመቱ ሁሉ እንደ ልብ መታጠፉ ልዩ ያደርገዋል ብለው ተሟገቱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ይህ የመታጠፍ ክርክር በፓተንት ቢሮው ፊት ፈጽሞ እንዳልተነሣ አስታውሶ አልተቀበላቸውም።

ሰንጠረዡ ሲያልቅ በሁሉም ዓምድ ባዶ የቀረ መስመር ካለ፣ እሱን ወደ ዋናው ጥያቄ ያስገቡት፤ በከፊል ባዶ የሆኑትን ደግሞ ከሱ ሥር በሚመጡ ጥገኛ ጥያቄዎች ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይደርድሯቸው። ባዶ መስመር ከሌለ ወደ አራቱ ጥያቄዎች ይመለሱ፤ ካመለከቱ በኋላ ይህ ዕድል የለም። ሰንጠረዡ ላይ የፍለጋውን ቀን ይጻፉ፤ ወደ ሌሎች አገሮች ለማመልከት ያለው 12 ወር ከማለቁ በፊትም በዚያው የምደባ ቁጥር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የታተሙትን ብቻ ለይተው እንደገና ይፈልጉ።