የመጀመሪያ የቴሌማርክ ባይንዲንግ እንዴት ይመረጣል? ከጫማው ጀምሩ

ጋራዤ ውስጥ አንድ ጥንድ ስኪ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ላይ ባይንዲንግ፣ ማለትም ጫማውን ስኪው ላይ የሚይዘው ማሰሪያ፣ የሚገጠምበት አሥር ቀዳዳ አለ። ስድስቱ ሥራ ላይ ናቸው። አራቱ በኮላ የተደፈኑ የጥድፊያዬ ማስታወሻዎች ናቸው። እናንተ ስድስቱን ብቻ ይዛችሁ እንድትቀሩ ነው ይህን የምጽፈው።

ቴሌማርክን ለማታውቁት ባጭሩ። በተለመደው የቁልቁለት ስኪ ጫማው ከፊትም ከተረከዝም ይቆለፋል። በቴሌማርክ የሚያዘው የጫማው ፊት ብቻ ነው፤ ተረከዙ ይነሳል። ስትታጠፉ አንዱ እግር ይቀድማል፣ የኋለኛው ጉልበት ወደ ስኪው ጎንበስ ይላል። ስሙን ያገኘው ከኖርዌይ የቴሌማርክ አውራጃ ነው። የዚያው አውራጃ የሞርጌዳል መንደር ሰው ሶንድሬ ኖርሃይም እ.ኤ.አ. በ1868 ዋና ከተማው ድረስ ሄዶ ያሳየው ስልት ነው። እሱ ተረከዙን ዞሮ የሚይዝ ማሰሪያ የሚሠራው ከተጠማዘዘ እንጨት ነበር። እኛ ግን በዶላር እንገዛለን።

ተረከዝ ነፃ የሆነ ስኪ ለኛ ሰው ፈጽሞ እንግዳ ነው እንዳትሉ። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ የተወዳደረበት የአገር አቋራጭ ስኪም ተረከዙ ነፃ ነው። እኔ ግን ኦሊምፒክ አልሄድኩም። እዚህ ኮሎራዶ ከአውሮራ ከተማ በአይ-70 አውራ ጎዳና ላቭላንድ የስኪ ቦታ ድረስ ሄጄ ነው የምወድቀው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ተራራውን የምትወጡት በሊፍት፣ ማለትም በገመድ ላይ በሚሄደው ወንበር፣ ተሳፍራችሁ ነው ወይስ በእግራችሁ? በእግር የሚወጣ ሰው ተረከዙ ያለ ሞላ ጉተታ እንደ ልቡ እንዲነሳ የሚያደርግ የመራመጃ መቀየሪያ ያለው ባይንዲንግ ያስፈልገዋል። ለዚያ የሚጨመረው ገንዘብ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያውን ክረምት በሊፍት ተማሩበት፣ ይበቃል።

ቀጥሎ ጫማ። ባይንዲንግ ከመግዛታችሁ በፊት ጫማ ግዙ። ይህን የምለው ተቃራኒውን አድርጌ ነው። ያገለገለ ባይንዲንግ በ60 ዶላር አገኘሁና ዘለልኩበት። በዚያው ሳምንት ስኪውን አስበስቼ አስገጠምኩት። ከዚያ ጫማ ፍለጋ ወጣሁ። ለካ ለዚያ ባይንዲንግ የሚሆን፣ በእኔ ቁጥር የሚገኝ ጫማ አንድም የለም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። በመጨረሻ እግሬ ላይ ልክ የሆነው ጫማ የሌላው ዓይነት ነበር። አራቱ ቀዳዳዎች የመጡት እንዲህ ነው።

ሁለቱ ዓይነቶች እነዚህ ናቸው። የድሮው 75 ሚሊሜትር ይባላል። የጫማው ሶል ከፊት እንደ ዳክዬ መንቆር ወጣ ይላል፣ ከሥሩ ሦስት ቀዳዳ አለው። ኖርዌያዊው የሮተፌላ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ካወጣው ባይንዲንግ ጋር የተያያዘ የቆየ ልክ ነው። አዲሱ ኤንቲኤን ይባላል፤ እሱንም ሮተፌላ ነው እ.ኤ.አ. በ2007 ያመጣው። መንቆር የለውም። ባይንዲንጉ ጫማውን የሚነክሰው ከእግሩ መሃል ሥር ካለች ጠርዝ ላይ ነው። ሁለቱ አይዋዋሱም። የአንዱ ጫማ በሌላው ባይንዲንግ አይገባም።

የቱ ይሻላል? ሁሉንም አዲስ የምትገዙ ከሆነ ኤንቲኤን ውሰዱ። ጎን ለጎን ስታዘነብሉት ስኪው ቶሎ ይታዘዛል፣ የሚወጡ አዳዲስ ጫማዎችም በአብዛኛው የዚህ ናቸው። ግን ወዳጅ ዘንድ ልክ የሚሆናችሁ የ75 ጫማ ተቀምጦ ካለ አትናቁት። ፕላስቲኩ የሚታጠፍበት ቦታ መሰንጠቁን፣ ሦስቱ ቀዳዳዎች መስፋታቸውን እዩና ውሰዱ። ጣት ጋ በሁለት ትናንሽ ሹል ብረቶች የሚይዝ፣ ተራራውን በእግራቸው ለሚወጡ የተሠራ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ቀላል ነው፣ ደስ ይላል። ለጀማሪ አልመክረውም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሻጮች ቶሎ የሚያልፉት፣ ጀማሪ ደግሞ ጨርሶ የማይጠይቀው፦ ተረከዛችሁን ስታነሱ ባይንዲንጉ ምን ያህል ይጎትታል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጫማው ፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ኬብል ወይም ዘንግ አለ፤ በላዩ ሞላ አለበት። ተረከዝ ሲነሳ ሞላው ይጨመቃል፣ እግራችሁን ወደ ታች ይገፋል። ኬብሉ የሚታጠፍበት ነጥብ ከጣታችሁ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ጉተታው ቶሎ ይጀምራል፣ ይበረታል። ወደ ጣት በቀረበ ቁጥር ተረከዙ እንደ ልቡ ይነሳል። በእኛ መንደር አማርኛ አንዱን «ጎታች»፣ ሌላውን «ልል» እንበላቸው።

ልሉ ምቹ ይመስላል። ችግሩ የኋላውን ስኪ የሚጫንላችሁ ማንም የለም፤ ሥራው ሁሉ የእናንተ ነው። ጀማሪ ደግሞ ክብደቱን ሁሉ የፊት እግሩ ላይ ይጥላል። የኋላው ስኪ እንደ ባለቤት አልባ በግ ወዲያ ወዲህ ይባዝናል። ጎታቹ በሞላው ኃይል የእግራችሁን ፊት በስኪው ላይ ይጫንላችኋል፣ «እዚህ ነኝ» ይላችኋል። ሲበዛ ግን የኋላው ስኪ ጫፍ በረዶ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ጅራቱ ከተረከዛችሁ ጋር ይነሳል።

እኔ «ጠንካራ ይሻላል» ብዬ የኬብሉን መታጠፊያ የመጨረሻው ጎታች ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ክብደቴ 58 ኪሎ ነው። ሞላው አሸነፈኝ። ጉልበቴን ለማጠፍ ስታገል በጣቴ ጫፍ እቆማለሁ፣ ስኪው ይሰካል፣ በግንባሬ እሄዳለሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ ችሎታ የለኝም ብዬ ራሴን ስረግም ዋልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ሽማግሌ ሊፍት ሰልፍ ላይ አይቶኝ ኪሱ ከያዘው ካቻቪቴ ጋር ተንበረከከ። ወደ መሃል አመጣልኝ። የመጀመሪያዬን እውነተኛ እጥፋት ያኔ ሠራሁ።

ስለዚህ ቦታው የሚቀየር ባይንዲንግ ፈልጉ። የአይዳሆው ቱዌንቲቱ ዲዛይንስ የሚሠራው አክስል ሦስት ቦታ አለው፤ የቆየው ሃመርሄድ አምስት አለው። ሁለቱም የ75 ናቸው። በኤንቲኤንም የሚቀየሩ ሞዴሎች አሉ። መሃል ላይ ጀምሩ። ቀጭን ሰው ከሆናችሁ ለስላሳ ሞላ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ባይንዲንጎች በተለያየ ጥንካሬ ሞላ ይሸጣሉ።

ሱቅ ውስጥ የምትፈትኑት እንዲህ ነው። ጫማውን አጥብቃችሁ እሰሩ። ባይንዲንጉ በተገጠመ ማሳያ ስኪ ላይ ቁሙ። አንዱን እግር አስቀድማችሁ የኋላው ጉልበት ከስኪው ሁለት ጭብጥ ያህል እስኪቀረው ውረዱ። የእግራችሁ ኳስ፣ ማለትም ከጣቶቹ ሥር ያለው ሰፊ ቦታ፣ ስኪው ላይ ተዘርግቶ መቅረት አለበት። በጣት ጫፍ ከቆማችሁ ወይ ሞላው በዝቷል ወይ ጫማው አይታጠፍላችሁም። ኬብሉንም ሻጩ ከልክ በላይ እንዳያጠብቀው ተጠንቀቁ። ዝቅ ስትሉ ሞላው ተጨምቆ አልቆ ብረት በብረት ከነካ የሚሰበር ነገር ይኖራል።

ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር። የተለመደው የቁልቁለት ባይንዲንግ ስትወድቁ ጫማውን ይለቃል። አብዛኛው የቴሌማርክ ባይንዲንግ እንደዚያ አይለቅም። ወደ ጎን የሚለቁ አንዳንድ የኤንቲኤን ሞዴሎች አሉ፤ ጉልበቱ የቆየ ጉዳት ያለበት ሰው እነሱን ይጠይቅ። የበረዶ ናዳ ሊኖርበት የሚችል ቦታ ላይ የማይለቅ ስኪ እግር ላይ መኖሩ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛው፣ ስኪው አምልጦ ቁልቁል ሰው ላይ እንዳይሄድ ፍሬን ወይም እግር ላይ የሚታሰር ገመድ ይኑረው። በኮሎራዶ ሕግ ነው። የጉልበት መከላከያም ግዙ። ለምን እንደሆነ የመጀመሪያው ቀን ይነግራችኋል።

ቀሪው ማስገጠም ነው። ትራፓኖ አለኝ ብላችሁ ስኪውን ራሳችሁ አትብሱት። የስኪው ሆድ ቀጭን ነው፤ ፑንታው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ካለፈ ከሥሩ ይወጣል። ቴሌማርክ የሚያውቅ ሱቅ ፈልጉ፣ ጫማችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ በልኩ ይብሱላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልትሄዱ ዓርብ ማታ አታስገጥሙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ቪቴዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ፤ ትንሽ መላላታቸው የተለመደ ነው። ካቻቪቴው ኪሳችሁ ይኑር። የኔው ልክ እንደ ሽማግሌው ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነው።