ከአማዞን የራሱ ብራንድ ጋር ለምትፎካከሩ ሻጮች

አሜሪካ ሆናችሁ አማዞን ላይ ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ፣ ገበያው ራሱም ተፎካካሪያችሁ ነው። አማዞን ቤዚክስ የሚባለው ብራንዱ ከ2009 ጀምሮ አለ፤ ኬብልና ባትሪ የመሳሰሉትን በርካሽ ይሸጣል። ስለዚህ የትኛውም ፋብሪካ የሚያወጣውን ተራ ኬብል ይዛችሁ በዋጋ አትግጠሙት፣ ትከስራላችሁ።

መጀመሪያ የንግድ ምልክታችሁን አስመዝግቡና አማዞን ብራንድ ሬጅስትሪ (አማዞን የብራንድ ባለቤቶችን የሚመዘግብበት ፕሮግራም) ውስጥ ግቡ። ይህ ስማችሁን ይጠብቃል እንጂ ዕቃው እንዳይኮረጅ አያደርግም። መልኩ ልዩ ከሆነ የዲዛይን ፓተንት፣ ማለትም የዕቃውን መልክ ከመኮረጅ የሚጠብቅ የባለቤትነት መብት፣ ጠይቁ። አትዘግዩ፤ ዕቃውን ለሕዝብ ካሳያችሁበት ቀን አንስቶ ያላችሁ ጊዜ 1 ዓመት ነው።

ፒክ ዲዛይንን እዩ። ይህ የካሜራ ቦርሳ አምራች፣ ኤቭሪዴይ ስሊንግ የሚለውን ቦርሳውን ቁርጥ የሚመስል፣ ስሙ ሳይቀር አንድ የሆነ ቦርሳ በአማዞን ቤዚክስ ሲሸጥ አገኘና በ2021 ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በቪዲዮ አሳየ፤ የዕድሜ ልክ ዋስትናውንም አብሮ ነገረ። በጣም ያስቆጣል፣ ግን መልሱ ጎበዝ ነበር። እናንተም ስፌቱን፣ ዚፑን በቅርብ አንሱት፣ ዋስትናችሁን ጻፉ፣ ገዢው ለምን ጨምሮ እንደሚከፍል ይወቅ።

የራሳችሁን ድረ ገጽም ክፈቱ። የአማዞን ገዢን ግን ፓኬጁ ውስጥ ወረቀት ከታችሁ ወደዚያ አትጥሩ፤ ደንቡ ይከለክላል፣ አካውንታችሁ ሊታገድ ይችላል።